አንድ ዓሣ ወይስ አሥራ አምስት? የጣና ነጭ ዓሣ አለያየት ታሪክ

በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው ላቤዮባርበስ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዝርያው ብዙ ነው። ዛሬ 15 ዝርያዎች ተለይተው ይታወቃሉ። እዚህ ለመድረስ ግን ከ160 ዓመታት በላይ የፈጀ ምርምርና ክርክር አስፈልጓል።

ዓሣዎቹን መጀመሪያ በሳይንሳዊ ስም የመዘገባቸው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) መጀመሪያ እስከ ጎንደር የዘለቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ናሙናዎቹን ፍራንክፈርት ወስዶ በርካታ ዝርያዎችን ሰየመ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን ላይ ጆርጅ ቡላንጄ ሌሎች ስሞችን ጨመረ፤ በ1940 ደግሞ ጣሊያናዊው ጆርጆ ቢኒ ዝርያዎቹን በንዑስ ዝርያ ከፋፈላቸው። ዝርያ የሚሰየመው በጥቂት ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ ስለነበር የስሙ ብዛት ግራ የሚያጋባ ሆነ።

በ1973 እንግሊዛዊው ኪት ባኒስተር በሙዚየም የተቀመጡትን ዓሣዎች ለክቶ ተቃራኒውን ደመደመ። በሁለት ስሞች መካከል የሚወድቁ መካከለኛ ቅርጾች ስላገኘ የጣናን ነጭ ዓሣዎች ሁሉ መልኩ እጅግ በሚለያይ አንድ ዝርያ ሥር ጠቀለላቸው። ይሁን እንጂ በአልኮል የቆየ ዓሣ ቀለሙን ያጣል፤ ምን ይበላ እንደነበርና የት ይራባ እንደነበርም ከመልኩ አይታወቅም።

ክርክሩን የለወጠው በ1990ዎቹ ሐይቁ ዳር የተሠራው ሥራ ነው። የሆላንዱ ቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ገና ከውኃ የወጣውን ዓሣ መለካት ጀመሩ። የራስ ርዝመት፣ የዓይን ስፋት፣ የአፍ ክፍተት፣ የሰውነት ቁመትና የአፍ ዙሪያ ሪዝ ርዝመት ከጠቅላላ የሰውነት ርዝመት ጋር ይነጻጸራል። ዓሣው ሲያድግ ምጣኔው ስለሚለወጥ ትንሹን ከትልቁ ጋር በቀጥታ ማወዳደር ያሳስታል፤ ስለዚህ የዕድገቱ ልዩነት በስሌት ይስተካከላል። ለምሳሌ ጎርጓሪ የተባለው ዝርያ ከራሱ ኋላ ጉብ ያለ ጀርባ አለው፤ ነድጊያ በወፍራም ሥጋማ ከንፈሩ፣ ማክሮፍታልመስ በትልቅ ዓይኑ ይለያል። በ1994 14 ዓይነቶች ተለይተው ቀረቡ፤ በ2000 ቁጥሩ 15 ደረሰ።

መለኪያውን ያጸናው የሆድ ዕቃ ምርመራ ነው። ከ15ቱ 8ቱ ሌሎች ዓሣዎችን የሚበሉ ናቸው። ላቤዮባርበስ ያለበት የዓሣ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ ስለሌለው ዓሣ አዳኝነት በቤተሰቡ ውስጥ ብርቅ ነው። የየዝርያው የአፍና የራስ ቅርጽ ከሚበላው ምግብ ጋር መጣጣሙ ልዩነቱ የአጋጣሚ እንዳልሆነ አሳየ።

የዘር ምርመራው የተለየ መልስ ሰጠ። የላቤዮባርበስ ሕዋስ 150 ያህል ክሮሞሶሞች አሉት፤ ብዙዎቹ እንስሳት ሁለት ስብስብ ሲይዙ ይህ ስድስት ይይዛል፤ ይህም የዘረመል ንባቡን ያወሳስበዋል። በ1998 የታተመው የኢንዛይም ጥናትም ሆነ በኋላ የመጣው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ጥናት በዝርያዎቹ መካከል አነስተኛ ልዩነት ብቻ አገኘ። ምክንያቱ የሐይቁ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ከደለሉ እንደታየው ጣና ከ16,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ሐይቁ እንደገና ከሞላ ወዲህ ያለው ጊዜ ለዘረመል ልዩነት መከማቸት አጭር ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ አግዷል። ስለዚህ የዘረመል መቀራረቡ የቅርብ ዝምድናን ያስረዳል እንጂ ሁሉም አንድ ዝርያ መሆናቸውን አያረጋግጥም።

የጎደለውን ማስረጃ የመራቢያ ጥናት ሞላው። ሰባት ዝርያዎች በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ የሚወጡበት ጊዜም በየዝርያው ይለያያል። ቀሪዎቹ በሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይታሰባል።

ዝርያዎቹን መለየት ለዓሣ ሀብቱ ወሳኝ ነው። በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ከተስፋፋ ወዲህ ዓሣው ለመራባት በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ በብዛት ይጠመዳል። በ1990ዎቹ ክፉኛ የተመናመኑትም ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ናቸው። ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ ተደርጎ ቢቆጠር ጉዳቱ በጠቅላላው ምርት ውስጥ ይሸፈናል፤ በየዝርያው ሲቆጠር ግን የትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወር፣ ከመረብ መጠበቅ እንዳለበት ይታወቃል።