ለአረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት፤ በእንጦጦ ግርጌ የኖረ የአንድ ልማድ ታሪክ

ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉት ጋራዦች አሮጌ መኪና ይዞ ዘይት ለማስቀየር የገባ ሰው የሚሰጠው ምክር አስቀድሞ የታወቀ ነው። «መኪናው አርጅቷል፤ ወፍራሙን አድርግበት» ይባላል። ምክሩ ከመካኒክ ወደ ረዳት ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ ምክንያቱን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ከማኅበራችን አባላትም ብዙዎቻችን በልምምድ ዘመናችን ይህንኑ ሰምተናል፤ በኋላም ለደንበኛ ይህንኑ ነግረናል። ይሁን እንጂ ልማድ ሁሉ የተወለደበት ዘመንና ምክንያት አለው። ምክንያቱ አልፎ ልማዱ ብቻውን ሲቀር ግን ሞተር ይበላል።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ ዐፄ ምኒልክ ከተማ ባደረሰ ጊዜ ዛሬ የምናውቀው የዘይት ቁጥር ገና አልተወለደም ነበር። ዘይት «ቀጭን»፣ «መካከለኛ»፣ «ወፍራም» እየተባለ ይሸጥ ነበር። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስ.ኤ.ኢ.) ዘይትን በዝልግልግነቱ፣ ማለትም ለመፍሰስ ባለው እምቢታ መጠን፣ በቁጥር መደልደል የጀመረው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በሚሠራበት ድልድል ቁጥር 30 ዘይት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ከ9.3 እስከ 12.5፣ ቁጥር 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ ቁጥር 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክስ ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥሩ የተሰጠው ለጋለ ዘይት መሆኑ ነው። ስለ ማለዳው ቀዝቃዛ ሞተር የሚናገረው «ደብሊው» የሚል ፊደል የተጨመረበት የፊተኛው ቁጥር ነው።

ይህ ፊደል በእንግሊዝኛ የብርዱን ወቅት ያመለክታል። መዝገበ ቃላቱ «ክረምት» ብሎ ስለሚተረጉመው ለሐምሌና ለነሐሴ ዝናብ የተሠራ ዘይት የሚመስለው ሰው አጋጥሞኛል። የእኛ ብርድ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነው፤ ያም ቢሆን የእንጦጦ ውርጭ ከዜሮ ዲግሪ ብዙ አይወርድም። 20 ደብሊው የተባለው ዘይት ግን የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በየካ ማለዳ ሞተር አልነሣም ቢል አስቀድመን ባትሪውንና ካንዴላውን እንመርምር። መነሣቱ አንድ ነገር ነው፤ ዘይቱ ከሞተሩ ጫፍ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደዚያ በኋላ እንመለሳለን።

የልማዱን ትውልድ የጋራዣችን ቋንቋ ራሱ ይጠቁመናል። ቴስታታ፣ ብሮንዚና፣ ፋሻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ እያልን የምንናገረው ሙያው በአብዛኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ከመጡትና ከዚያም በኋላ እዚሁ ከቀሩት ጣልያናውያን ስለ ተወረሰ ነው። በዚያው ዘመን ከአዲስ አበባ በኮተቤና በካራ አድርጎ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አሰብ የሚዘልቀው የመኪና መንገድ ተሠራ። የፊያትና የላንቻ የናፍጣ ካሚዮኖች፣ በኋላም «ኤን ትሬ» የምንለው ፊያት፣ የካራን ብርድ ለቀው በ40 ዲግሪ ሙቀት ወደሚነደው የአፋር በረሃ ይወርዱ ነበር። ብርዱንም ሙቀቱንም የሚችለው ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት በአሜሪካ ገበያ መታየት የጀመረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሹፌር አንድ ቁጥር ብቻ መምረጥ ነበረበት። አስተዋይ ሰው ደግሞ የሚመርጠው ለክፉው ቀን ነውና ቁጥር 40 ወይም 50 ያደርግ ነበር። በእኔ አስተያየት «ወፍራሙን አድርግበት» የሚለው ምክር የተወለደው ከዚህ መንገድ ነው። ምክሩ የተሰጠው ለበረሃው እንጂ ለመኪናው እርጅና አልነበረም። የአሰብ ጉዞ በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተቋረጠ፤ ምክሩ ግን ካራ ላይ ቀረ።

ከዚያ ቀጥሎ በከተማችን በብዛት የታየችው ቮልስዋገን ምክሩን ያጠናከረች ይመስለኛል፤ እርሷ ላይ በከፊል እውነት ነበርና። የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን ከቀጭን የሽቦ ወንፊት በቀር ማጣሪያ የለውም። መገናኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩቡን ያህል ያንሳል። ስለዚህ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት የምትወጣ ቮልስ ማራገቢያዋ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚነፍሰው አየር የሳሳ ነው፤ ሙቀቱን ዘይቱ ይሸከመዋል። ዕለት ዕለት ጭነት ይዛ ዳገቱን ለምትወጣ ቮልስ ቁጥር 40 ወይም 20 ደብሊው 50 ማድረግ ተገቢ ነው። በከተማ ውስጥ ብቻ ለምትመላለሰው ግን ቁጥር 30 ይበቃታል።

ይኸው የሳሳ አየር ሌላም ተንኮል አለው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር በእንጦጦ ከፍታ ላይ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በፋሻው ጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል። የራዲያተር ውሃ በእኛ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥል ጋራዥ ደግሞ አለ፤ ሞተሩ በቂ ሙቀት ካላገኘ ቤንዚኑ ከዘይቱ ተንኖ አይወጣም። ባለ መኪናው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ዘይቱ እንዳልጎደለ፣ እንዲያውም ከፍ እንዳለ ሲያይ «መኪናዬ ዘይት አይበላም» ብሎ ይደሰታል። ዘንጉን ቢያሸተው ግን የቤንዚን ሽታ ያገኝበታል። እንዲህ ያለው ሞተር ቁጥር 50 ቢደረግለት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ይቀጥናል። መድኃኒቱ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ለከፍታው በሚስማማ መለወጥና ቴርሞስታቱን ወደ ስፍራው መመለስ ነው።

ምክሩ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዘነው በላዳ ላይ ነው። በደርግ ዘመን መጥታ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ የሆነችው ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች ብትሆንም ሩሲያውያን ካምሻፍቷን ከቴስታታው ላይ አውጥተውታል። የቮልስ ካምሻፍት ከታች፣ ከዘይቱ አጠገብ ነው፤ የላዳው ግን ዘይት በመጨረሻ የሚደርሰው ነው። ሌሊቱን በ5 ዲግሪ ብርድ ያደረ ቁጥር 50 ዘይት ከታች እስከ ላይ እስኪደርስ ድረስ ካምሻፍቱ በደረቁ ይፋተጋል። «የላዳ ካምሻፍት ቶሎ ይበላል» እያልን ፋብሪካውን ስናማ የኖርነው ብዙ ጊዜ እኛው ባደረግነው ዘይት ነው። 15 ደብሊው 40 ለዚህች መኪና በቂ ነው፤ ጋልቶም 40 ነው፤ ማለዳም ቶሎ ይደርሳል።

አንዳንዱ ባልደረባ «የዘይት ግፊቱ ከፍ ይላልና ወፍራሙ ይሻላል» ብሎ ይከራከራል። ግፊት ማለት ግን የሚደርሰው ዘይት ብዛት ማለት አይደለም፤ ወፍራም ዘይት ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው በጠባቡ መንገድ አላልፍ ስለሚል ነው። በሌላ በኩል ብሮንዚናው በእርግጥ ተበልቶ ክፍተቱ ከሰፋ ከ30 ወደ 40 ከፍ ማለት የሞተሩን ዕድሜ ሊያራዝም እንደሚችል አልክድም። ይህን የሚለየው ግን መለኪያ እንጂ የመኪናው ዕድሜ አይደለም። የዘይቱ መብራት የሚበራው ግፊቱ ሊጠፋ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ አይታመንም። በመብራቱ መቆጣጠሪያ ስፍራ ባለ መርፌ መለኪያ አስሮ፣ ሞተሩን በሚገባ አግሎ ማንበብ ያሻል። በየ1,000 ዙሩ 10 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከተገኘ ዘይቱን የሚያስወፍር ምክንያት የለም። ሊሸጥ የቀረበ መኪና የሞተሩ ድምፅ እንዲታፈን ሲባል በጣም ወፍራም ዘይት ተሞልቶ እንደሚቀርብ ለአንባቢዎቼ መንገር አያስፈልገኝም።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። እንግዲህ በእጃችን ያለው የቤንዚን ሞተር ከዓመት ዓመት ያረጃል፤ የሚተካውም ቀላል አይደለም። በገበያው አዲስ የሚመጣው ዘይት ደግሞ ለአዲስ ሞተር የተሠራ ነው። በአሜሪካ የነዳጅ ተቋም (ኤ.ፒ.አይ.) ደረጃ መሠረት በቀጫጭኖቹ፣ ለምሳሌ በ5 ደብሊው 30፣ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ይህ ገደብ 15 ደብሊው 40ንና 20 ደብሊው 50ን አይመለከትም። ፎስፎረሱ የሚገኝበት ቅመም ካምሻፍትን ከመፋተግ የሚጠብቀው በመሆኑ የቮልስና የላዳ ባለቤት ከቁጥሩ ቀጥሎ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ደረጃ ማንበብ ይኖርበታል።

ዘይት የሚበላ ሞተር ሲመጣልን ወፍራም ዘይት ከማዘዛችን በፊት የሚመረምርልን ዳገት በደጃችን አለ። መኪናውን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ እንንዳው፤ አንድ ረዳትም ከኋላ ይከተል። ዳገቱን በሙሉ ኀይል ሲወጣ ሰማያዊ ጭስ ካለማቋረጥ ከወጣ የተበላው ፋሻው ነው። ሲወጣ ንጹሕ ሆኖ፣ ቁልቁለቱን እግር ከነዳጅ ተነሥቶ በማርሽ ከወረደ በኋላ ነዳጅ ሲረገጥ አንዴ ቡፍ ብሎ ካጨሰ ግን ዘይቱ የሚገባው በቫልቭ ጎማዎቹ በኩል ነው። የቫልቭ ጎማ ለመለወጥ ደግሞ ሞተር አይወርድም።