ያለ ዳታ ቴሌቪዥን

“ዳይሬክት ቱ ሞባይል” የሚለውን ስያሜ ሰሞኑን በብዛት የምንሰማው ቴክኖሎጂውን እየሞከረች ካለችው ህንድ ነው። ጣቢያው ከማማ ላይ የሚለቀውን የቴሌቪዥን ሞገድ ስልኩ ራሱ ይቀበላል፤ ሲም ካርድም፣ ፓኬጅም፣ ዋይፋይም አይጠይቅም። “ቀጥታ ወደ ሞባይል ሥርጭት” ብንለው ያሳስታል፤ እኛ ዘንድ “ቀጥታ ሥርጭት” ማለት ጨዋታው እየተካሄደ ሲታይ ነውና። “ያለ ዳታ ቴሌቪዥን” ቢባል ግን በአማራ ክልል እስቴ ያለችው የመካነ ኢየሱስ ከተማ ባለሱቅም ሳይጠይቅ ይገባዋል።

አሠራሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ኤፍ ኤም ያለው ስልክ ኢርፎን ሲሰካበት ጣቢያውን ይይዛል፣ ሲነቀል ዝም ይላል፤ ሽቦው አንቴናው ነውና። አንድ ሰው ቢያዳምጥ ሺህ፣ ለጣቢያው ያው ነው። በዩቲዩብ ግን እያንዳንዱ ተመልካች ቪዲዮውን ለየብቻው ስለሚያወርድ ኳሱ ሳያልቅ ፓኬጁ ያልቃል።

በእስቴ ዲሹና ሪሲቨሩ ቤት ናቸው፣ ሰውየው ግን ገበያ ወይም መናኸሪያ ነው። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ይጨልማል፣ ስልኩ ግን ባትሪው እስካለ ይሠራል። ፈላጊ የለውም የሚል ካለ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ያስታውስ። የአየር ሞገድ በኔትወርክ መኖር አለመኖር አይታሰርም።

የሌላው ዓለም ልምድ ደግሞ ሰው የሚፈልገው በነፃ ሲሆን መሆኑን ያሳያል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ዓይነት የሞባይል ቴሌቪዥን ጀመረች፤ በሳተላይት የሚመጣው የሚከፈልበት በ2012 ተዘጋ፣ ከምድር ማማ የሚሰራጨው ነፃው ግን ከእሱ በኋላም ቆየ። ጃፓን በ2006 “ዋንሴግ”ን ያስጀመረችው አንዱን የቴሌቪዥን ቻናል 13 ቦታ ከፍላ ነው፤ 12ቱ ለቤት፣ አንዷ ለስልክ። በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2003 ጃፓንን በመታው ርዕደ መሬትና ሱናሚ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ብዙዎች ዜናውን የተከታተሉት በዚያችው አንዷ ነበር።

እኛም ጋ ከጫፋቸው አንቴና የሚመዘዝ ባለ ሁለት ሲም የቻይና ስልኮች ነበሩ። ምስሉ ይረበሻል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ግን ይታይ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ባሉት አብዛኞቹ ስልኮች ግን ያ መቀበያ የለም። በህንድም አምራቾች ዋጋ ይጨምርብናል ብለው ተቃውመዋል። በዳታ ሽያጭ የሚኖሩት የስልክ ኩባንያዎች ለምን እንደማይቸኩሉለት ለመገመትም አይከብድም።

ለመካነ ኢየሱስ ግን ትልቁ ጣጣ መሬቱ ነው። ዲሽ ወደ ሰማይ ስለሚያይ ተራራ ብዙም አይከለክለውም፤ የማማ ሞገድ ግን ከጉና ተራራ በስተጀርባና በየሸለቆው ይጋረዳል። ከተማዋ ላይ አንድ ማማ ቢተከል እንኳ፣ ሞገዱን ተቀብለው የሚያሻግሩ ትንንሽ ማሰራጫዎች ካልተጨመሩ ቆላው ጋ አይደርስም።