ጉልሕ ፊደል

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ያነበቡትን ነገር በገጹ ያስታውሳሉ። «በግራው ገጽ ነው፤ ከመሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ» ይላሉ፤ ስንገልጠው አይስቱም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ግን መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ ማጉያ መነጽራቸውን በመስመሩ ላይ እያንሸራተቱ፣ አንዱን ገጽ በሩብ ሰዓት ይጨርሱ ጀመር። ማንበቡን አልተዉም፤ ብቻ ከአንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ሲደርሱ መጀመሪያው ይጠፋቸዋል። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ያመጣሁላቸው ስለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከፍቼ የፊደሉን መጠን መምረጫ አሳየኋቸው። አንዱ ፊደል ከትንሽ እስከ ትልቅ ተደርድሮ ቆሟል። በጣታቸው የመጨረሻውን ነኩ፤ ገጹ አንዴ ጨልሞ በራና ቃላቱ ተልቀው ተመለሱ። ማጉያ መነጽራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱና ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

ይህች የጣት ንክኪ ቀላል ትመስላለች። ሆኖም መጽሐፍ ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ እስከ ትናንት ድረስ የፊደልን ቁመት የወሰነው የሚያነበው ዓይን አልነበረም።

ከቤታችን እንጀምር። በብራና ዘመን ከጸሐፊው ብርዕ በፊት የፊደሉን መጠን የሚወስነው ወስፌው ነበር። ጸሐፊው ብራናውን ፍቆና አለስልሶ ካበቃ በኋላ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀለም የሌለው መስመር ያሰምራል፤ ፊደሉም በመስመሮቹ መካከል በተተወለት ስፍራ ልክ ይቆማል። መስመሩ ሲሰፋ ፊደሉ ይጎላል፤ ፊደሉ ሲጎላ ቅጠሉ ይበዛል፤ ቅጠሉ ሲበዛ ደግሞ ቆዳው የሚገፈፈው ፍየል ይበዛል። በጎንደር ዘመን ለነገሥታትና ለታላላቅ አድባራት የተጻፉት መጻሕፍት «ጉልሕ» በሚባለው ሰፊ አጻጻፍ፣ ኅዳጋቸው ጭምር ሰፍቶ፣ ለዓይን እንደ ልብ ሆነው የተገኙት ይህን ወጪ የሚችል ስለ ነበረ ነው። እርግጥ በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ በጧፍ ብርሃን ለሚነበብ መጽሐፍ ትልቅ ፊደል ጌጥ ብቻ አይደለም። መንገደኛው በማኅደር ከትቶ በትከሻው የሚያንጠለጥለው የጸሎት መጽሐፍ ግን ትንሽ መሆን ነበረበት፤ ፊደሉም አብሮ ያንሳል። ሽማግሌው መነኩሴ ምን ያደርጋል? በቃሉ ይወጣዋል።

ዳዊትን የሚጽፍ ሰው ሌላም ችግር ነበረበት። በዳዊት እያንዳንዱ ስንኝ በራሱ መስመር ይጀምራል፤ በዚያው መስመርም እንዲያልቅ ይፈለጋል። ስንኙ ሲረዝም ጸሐፊው ወደ መጨረሻው ላይ ፊደሎቹን እያሳነሰና እያጠጋጋ ይሄዳል፤ አልበቃ ሲለውም ትርፉን ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ባለው ክፍት ቦታ ያስገባዋል። የስንኙ አንድነት ከፊደሉ እኩልነት በልጦበታል ማለት ነው። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከፊደል መጠን የተነሣ በጽሑፍ ካማረሩት ሰዎች አንዱ ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1304 የተወለደው ይህ ሰው በ1360ዎቹ ለወዳጁ ለቦካቺዮ በላከው ደብዳቤ ስለ አንድ ወጣት ጸሐፊው ሲያወራ በዘመኑ የነበረውን የጽሕፈት ፋሽን ይነቅፋል። እንደ እርሱ አባባል እነዚያ ያጌጡና የተጨናነቁ ፊደላት ከሩቅ ሲያዩአቸው ደስ ያሰኛሉ፤ ቀርበው ሊያነቧቸው ሲሉ ግን ዓይንን ያደክማሉ፤ ለንባብ ሳይሆን ለሌላ ነገር የተፈጠሩ ይመስላሉ። ወጣቱን ያመሰገነው ጽሕፈቱ ጥርት ብሎ ወደ ዓይን የሚገባ ስለ ሆነ ነው። ይኸው ፔትራርካ ለመጪው ትውልድ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ለብዙ ዘመን ስለት የነበረው ዓይኑ ከስድሳ ዓመቱ በኋላ ስለ ከዳው፣ ሳይወድ በግድ መነጽር ማድረጉን ይናዘዛል። «ሳይወድ» የምትለዋን ልብ በሉ። ለቃል የኖረ ሰው ከቃሉ ጋር የሚያገናኘውን መስታወት እንደ ውርደት ቆጥሮት ነበር።

መነጽሩ ያኔ እንደ ዛሬ የተለመደ አልነበረም። ጆርዳኖ ዳ ፒዛ የተባለው መነኩሴ በ1306 በፍሎረንስ ሲሰብክ ይህ ጥበብ ከተገኘ ሃያ ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። መጽሐፉ አልለወጥ ቢል ሰው ዓይኑን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት መፍትሔው በአፍንጫ ላይ እንጂ በገጹ ላይ አልነበረም።

ማተሚያው ሲመጣ ነገሩ የሚሻል ይመስል ነበር፤ አልተሻለም። አልዶ ማኑዚዮ በ1501 በቬኒስ የቨርጂልን ግጥሞች በእጅ በምትያዝ ትንሽ መጽሐፍ ሲያትም፣ ፍራንቼስኮ ግሪፎ የቀረጸለት ጋደል ያለና ጠበብ ያለ ፊደል ብዙ ቃል በትንሽ ስፍራ ያስገባለት ነበር። መጽሐፍ ከጠረጴዛ ወርዶ ከሰው ጋር መንገድ ወጣ፤ ለሥነ ጽሑፍ ትልቅ ቀን ነው፤ አልክድም። ብቻ ለስልሳ ዓመት አዛውንት የተደረገ ድግስ አልነበረም።

በእርሳስ ፊደል ዘመን አንድ መጠን ማለት አንድ ሙሉ ቤተሰብ ነበር። ቀራጩ ለእያንዳንዱ መጠን ፊደሉን እንደገና በብረት ይቀርጻል፤ ትንሹን ሲቀርጽ ቀለም እንዳይደፍነው ሆዱን ሰፋ፣ ቀጭኑን ጭረት ወፈር ያደርገዋል። ፈረንሳዮች አንዱን የፊደል መጠን «ሲሴሮ» ብለው በሮማዊው ተናጋሪ ስም ይጠሩት ነበር። ታዲያ አንድ አንባቢ «ይህችን መጽሐፍ ተለቅ ባለ ፊደል ብትሰጡኝ» ቢል፣ ፊደል ለቃሚው ሥራውን ከመጀመሪያው ቃል አንሥቶ እንደገና መልቀም፣ ወረቀቱም እንደገና መታተም ነበረበት። ለአንድ ሰው ዓይን ይህን የሚያደርግ ማተሚያ ቤት የለም።

የእኛ ፊደል ወደ እርሳስ የገባው በሮም ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በ1513 የግእዙን ዳዊት አሳተመ። በ1548 እና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በዚያው ከተማ አወጡ። አባ ተስፋ ጽዮን ስለ ስሕተቶቹ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ፊደል የሚለቅሙት ሰዎች ማንበብ እንደማይችሉ፣ እነርሱም መልቀም እንደማያውቁ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እየተረዳዱ እንደሠሩት ጽፈዋል። ማዘናቸው ተገቢ ነበር። በላቲን ፊደል «ሀ»ን ከ«ሁ» የሚለየው ራሱን የቻለ ሌላ ፊደል ነው፤ በእኛ ግን አንዲት ጭረት ናት። «ቢ» እግሯ ላይ ጭረት አላት፣ «ቤ» ቀለበት፤ ፊደሉ ሲያንስ ቀለበቷ በቀለም ትሞላና ጭረት ትመስላለች። «ሰማ» ወሬ ነው፣ «ስማ» ትእዛዝ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በደከመ ዓይን ፊት የአሸዋ ቅንጣት ያህላል። ስለዚህ የፊደል መጠን ጉዳይ ከአውሮፓውያኑ ይልቅ ለእኛ ይብሳል እላለሁ።

በአውሮፓ ለደካማ ዓይን ብሎ መጻሕፍትን በብዛት ያሳተመ ሰው እስኪገኝ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1964 ፍሬደሪክ ቶርፕ የተባለ እንግሊዛዊ ከመጽሐፍ ንግድ ሥራው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በሌስተር አካባቢ ኡልቨርስክሮፍት የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ታዋቂ ልብ ወለዶችን በትልቅ ፊደል ያወጣ ጀመር። የጻፉለትም የሚያነቡለትም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበሩ አዛውንት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ግን ፊደላቸው ሲተልቅ ገጻቸውም አብሮ ተልቆ ከበዱ፤ ዓይን ያረፈበትን እጅ ተሸከመው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጠናቸው እንዲቀንስ ተደረገ። ያም ሆኖ ምርጫው የአንባቢው አልነበረም፤ በትልቅ ፊደል የሚታተመውን የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው፤ የሚመረጡትም በብዛት የሚሸጡት ናቸው። ቅኔ የሚወድ አዛውንት የወንጀል ታሪክ እያነበበ ይቆያል።

ቁልፉ የተከፈተው ፊደል ከእርሳስም ከወረቀትም ሲላቀቅ ነው። በ1997 የተመሠረተው ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ገጽ በውስጡ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይዋኛሉ፤ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲለወጥ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይሰምጣል። እንደ ወረቀት የሚታየው ከውጭ በሚያርፍበት ብርሃን ነው። ሶኒ ሊብሪዬ የተባለውን ማንበቢያ በ2004 በጃፓን አወጣ። አማዞን ኅዳር 19 ቀን 2007 ኪንድልን ሲያወጣ ስድስት የፊደል መጠኖች ሰጠው። ስድስት ብቻ፤ ነገር ግን ስድስቱም ለየትኛውም መጽሐፍ ይሠሩ ነበር። መሣሪያው ገጽን አያከማችም፤ የሚያከማቸው የቃላቱን ተራ ነው። አንባቢው መጠን ሲመርጥ በዚያች ቅጽበት መስመሩን እንደገና ይሰብራል፣ ገጹን እንደገና ይቆርጣል። ለቃሚው የማይችለውን ያደረገው ይህ ነው።

ዋጋ የሚከፈልበት ነገርም አለ። አንደኛው የገጽ ቁጥር ነው። ፊደሉ ሲተልቅ የመጽሐፉ ገጽ ይበዛል፤ ስለዚህ «ገጽ 45» የሚባል ነገር የለም፤ ኪንድል በምትኩ ለንባብ ወዳድ ምንም የማይነግር የቦታ ቁጥር አስቀመጠ። በ2011 የወረቀቱን እትም የገጽ ቁጥር ለአንዳንድ መጻሕፍት መለሰ። ሁለተኛው ግጥም ነው፤ እኔን የሚያሳምመኝም እርሱ ነው። ፊደሉን በጣም ሲያተልቁት በአንድ መስመር ሦስት አራት ቃል ብቻ ይገባል፤ ስንኙ ከወገቡ ይሰበራል፤ ቤት መምቻው ከመስመሩ ጫፍ ወድቆ በሚቀጥለው መስመር መካከል ይገኛል። ዜማውን በጆሮው የማያውቅ ሰው ስንኝ የት እንዳለቀ አይለይም። ያ ዳዊት ጸሐፊ ስንኙን ላለመስበር ፊደሉን ያሳንስ ነበር፤ መሣሪያው ፊደሉን ላለማሳነስ ስንኙን ይሰብራል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ መጀመሪያ የአባቴን ዓይን መዋስ ያስፈልጋል።

አባቴ በሁለተኛው ቀን «የኛውስ?» አሉ።

የእኛው ሌላ ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ ወጣ። ኪንድል ላይም ከ2018 ጀምሮ አንባቢ የፈለገውን የፊደል ቅርጽ ራሱ መጫን ይችላል። በሩ ክፍት ነው እንግዲህ። የሚገባበት መጽሐፍ ግን ጥቂት ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉት የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ ስካን የተደረጉ ፒዲኤፎች ናቸው፤ ማለትም የገጽ ፎቶግራፎች። ፎቶግራፍ ውስጥ ፊደል የለም፤ ቀለም ብቻ ነው። ሲያተልቁት ቃላቱ አይንቀሳቀሱም፤ ገጹ ራሱ ከመስኮቱ ያልፋል። አንባቢው እያንዳንዱን መስመር ወደ ቀኝ ገፍቶ አንብቦ ወደ ግራ ይመልሳል፤ እንደ ካርታ እየጎተተ። አባቴ ሦስት ገጽ ያህል ታገሡ። ከዚያ ማጉያ መነጽሩን ከኪሳቸው አውጥተው ከማንበቢያው ላይ አኖሩት። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ማጉያ መነጽር ሲያርፍ ማየት ያሳዝናል።

በዚያ ሳምንት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለውን፣ ከሥዕሉ እያየሁ ወደ ፊደል መተየብ ጀመርኩ። እርሱም በ1900 ዓ.ም. የታተመው በሮም ነው። በምሽት ሁለት ገጽ፣ ሲቀናኝ ሦስት። ስካኑ በደበዘዘበት ቦታ «ቢ» ይሁን «ቤ» ያቅተኛል፤ ያን ጊዜ ለአባቴ እደውላለሁ። ዐረፍተ ነገሩን አስጀምሬያቸው ይጨርሱታል፤ የአባ ተስፋ ጽዮን ለቃሚዎችም እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖራቸው እላለሁ።

የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሼ ማንበቢያው ላይ ጫንኩላቸው። ፊደሉን እርሳቸው ናቸው ያተለቁት፤ ከመጨረሻው አንድ ዝቅ ያለውን መረጡ። ከመስኮቱ ራቅ ብለው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አስደግፈው፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ብዙ አነበቡ። ቡናው ቀርቦ እናቴ ስትጠራቸው ቀና አሉ።

«ስንተኛው ገጽ ላይ ነኝ?» አሉኝ።