የ60 ቀን ገደብ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የሰጠው ለፕሬዚዳንቱ ሳይሆን ለኮንግረስ ነው። ኮንግረስ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 በቶንኪን ውሳኔ ለፕሬዚዳንት ጆንሰን የቬትናምን በር ወለል አድርጎ ከፈተላቸው። በሴኔቱ የተቃወሙት ሞርስና ግሩኒንግ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም በ1968 ምርጫ ወንበራቸውን ማጣታቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ1973 ኮንግረስ ነቃ። ፕሬዚዳንቱ ጦር ወደ ውጊያ ባዘመቱ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያስታውቁ፣ ካልተፈቀደላቸውም በ60 ቀን እንዲያቆሙ ደነገገ፤ ለጦሩ መውጫ እስከ 30 ቀን ፈቀደ። ኒክሰን አልፈርምም ቢሉም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጸደቀ።

ሕጉ ግን «ውጊያ» ምን እንደሆነ አልተረጎመም። በ2011 በሊቢያ ዘመቻ 60ው ቀን ሲያልፍ የኦባማ መንግሥት «እግረኛ ጦር የለንም፣ የተኩስ ልውውጥም የለም፤ ስለዚህ ሕጉ የሚለው ውጊያ አይደለም» ሲል ተከራከረ። ብልጠት ነው እንጂ ሕግ ማክበር አልለውም። የአየር ድብደባው እስከ ጥቅምት ቀጠለ።