ቆጣሪ ሲመጣ፦ ብቸና፣ ሞጣና የኤች አይ ቪ ምርመራ

“መቁጠር” የሚለው ቃል በምሥራቅ ጎጃም ንጹሕ ቃል አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ አውጥቶ ገማቾችን ወደ ገጠር ሲልክ፣ ገበሬው ዐዋጁን የርስቱ መነጠቂያ አድርጎ ወሰደው። ሞጣና ብቸና የዐመፁ ዋና ማዕከላት ሆኑ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም አሰማራ። ነገሩ የበረደው ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሥተው፣ ውዝፉ ግብርም ከተማረ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብሔራዊው ፖሊሲ የወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ነበር። እስከዚያ ድረስ ለድኻው መመርመር የሞት ፍርዱን ከማንበብ ብዙም አይለይም ነበር። ታዲያ ማን በፈቃዱ ጣቱን ይሰጣል?

በዚያው በ1997 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ቫይረሱ በከተማ ከመቶ 5.5፣ በገጠር ግን ከመቶ 0.7 ጎልማሶች ላይ መገኘቱን አሳየ። በእኔ እምነት የዚህ ቁጥር ትርጉም የሚገኘው ከተማና ገጠር በሚገናኙባቸው የገበያ ከተሞች ነው። ብቸናና ሞጣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው የጮቄ ምሥራቃዊ መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ሾፌሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ቤት ተከራይቶ የሚማረው የገጠር ልጅ፣ በመጠጥ ቤት የምትሠራው ሴት የሚገናኙት በእንዲህ ያሉ ከተሞች ነው።

ሌሊት የምትሠራ ሴት፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ዘመዷን በሚያውቅበት ጤና ጣቢያ በጠራራ ፀሐይ አትሰለፍም። የተንቀሳቃሽ ምርመራ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ድንኳኑ ወደ ገበያውና ወደ መናኸሪያው ይሄዳል፤ በስም ፈንታ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ከጣት በተወሰደች ጠብታ ደም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤቱን ይነግራል። መርማሪው እንግዳ ስለሆነ ይታመናል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ እንግዳው በማግስቱ ይሄዳል፣ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ግን መድኃኒቱን የምትወስደው ከዚያው ከሸሸችው ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ለተመርማሪው ብቻ ሳይሆን ለካርድ ክፍሉም ያስፈልጋል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት የጎጃምን መንገዶች በተደጋጋሚ ዘግቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ርዳታዋን ስታቋርጥ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል በሀገር አቀፍ ደረጃ እንዲቋረጥ ተደረገ። በሰው ገንዘብና በክፍት መንገድ ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ይወድቃል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚገልጠው ለሚያምነው ነው። የ1960 ዓ.ም. ገበሬ ገማቹን አላመነም። ጣቱን ለመርማሪ የዘረጋ ሰው ግን ያን ገበሬ የነፈገውን አመኔታ ሰጥቷል። አመኔታውን የተቀበለ መንግሥት ድንኳኑን በራሱ በጀት የማቆም ዕዳ አለበት፤ ይህኛው ውዝፍ ደግሞ የሚማር አይደለም።