ድሬድ

ድሬድ፦ ከርዳዳ ጸጉር በየዘለላው ተጠቅልሎ ሳይበጠር ሲቆይ፣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ የሚሠራ የጸጉር አያያዝ። ሹሩባ ይፈታል፤ የጠና ድሬድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቆረጣል። በደቡብ ጎንደር ደጋ ሥር የሰደደው ሹሩባው ነው፤ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት ዳግማዊ ቴዎድሮስም ይሠሩት ነበር።

አዲስ ድሬድ እስኪቆላለፍ ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሹሩባ የሚወደው ለጋ ቅቤ ለድሬድ ጠላት ነው፤ ዘለላው ውስጥ ገብቶ አቧራ ይይዛል፣ ይሸታል። በደጋው ብርድ ውስጡ ቶሎ ስለማይደርቅ ጠዋት ታጥቦ ፀሐይ መሞቅ ይሻላል። ሥሩን አጥብቆ ደጋግሞ መጠቅለል የግንባር ዳር ጸጉርን ያሳሳል።