ሻማና ኖራ፤ የልጆች የሳይንስ ሙከራ ታሪክ

ይህ የመታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በየበኩላችን አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ተጠየቅን። ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ታሪክ ሲጽፉ እኔ ስለ አንዲት ሻማና ስለ አንድ እፍኝ ኖራ ልጽፍ መረጥሁ። አንድ ልጅ የተነገረውን ነገር በገዛ እጁ ሞክሮ፣ በገዛ ዓይኑ አይቶ ያወቀበት ቀን ከታሪክ የሚቆጠር ቀን ነው ብዬ አምናለሁና። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1791 በሎንዶን አጠገብ ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ተወለደ። በአገራችን የቀጥቃጭ ልጅ ብዙ ዘመን ሲናቅ እንደ ኖረ ሁላችን እናውቃለን፤ በዚያም አገር ቢሆን የድኃ ልጅ የሚከበርበት ጊዜ አልነበረም። እህል በተወደደበት በ1801 ለትንሹ ማይክል አንድ ዳቦ ይሰጠውና ሳምንቱን በዚያ ያሳልፍ እንደ ነበረ የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። ከትምህርት ቤት ያገኘው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ሙያ ይማር ዘንድ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ፤ በዚያም ሰባት ዓመት ቆየ።

ጠራዡ ደግ ሰው ነበርና ልጁ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እንዲያነብ ፈቀደለት። ማይክል ከሁሉ አብልጦ የወደደው በታላቁ የብሪታኒካ መዝገበ ዕውቀት ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ክፍልና ጄን ማርሴት የተባለች እመቤት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችውን መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ በ1806 የታተመ ሲሆን አንዲት መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር እየተጠያየቀች ትምህርቱን በሙከራ ስታስረዳ ያሳያል። ፋራዴይ ግን ያነበበውን እንዲሁ አምኖ አላለፈም። በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እያወጣ በዚያች ገንዘብ ሊሠሩ የሚችሉትን ሙከራዎች ይሠራ ነበር። የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለመሥራት በፈለገም ጊዜ መጀመሪያ የሠራው ከተራ የመስተዋት ብልቃጥ ነው።

በ1812 አንድ የጠራዡ ደንበኛ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የሳይንስ ቤት ታላቁ ሊቅ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ የሚሰጠውን ትምህርት እንዲሰማ የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዴይም የሰማውን ሁሉ በጥንቃቄ ጽፎ፣ ሥዕሉንም ሥሎ፣ ሦስት መቶ ገጽ ያህል ያለውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በማግሥቱ ዓመት በመጋቢት 1813 በዚያው ቤት የኬሚስትሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ የሠራውን ሁሉ ለመዘርዘር ይህ መጽሔት አይበቃም፤ አንዱን ብቻ ልጥቀስ። በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅልል ውስጥ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚነሣ አሳየ። ከቆቃ ግድብ ጀምሮ የአገራችን የውሃ ኃይል ጣቢያዎች ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት በዚሁ ሕግ ነው።

ይህ ሁሉ ክብር ካገኘው በኋላ ፋራዴይ የልጅነቱን ነገር አልረሳም። ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለልጆችና ለወጣቶች የሳይንስ ትምህርት መስጠት ጀምሮ ነበር። ፋራዴይ ይህን የገና ትምህርት ከ1827 እስከ 1860 ባለው ዘመን ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰጠ። በ1855 የእንግሊዝ ንግሥት ልጆች ከአባታቸው ጋር መጥተው አዳመጡት፤ አንድ ዳቦ ለሳምንት ይበቃው የነበረው የቀጥቃጭ ልጅ የነገሥታትን ልጆች አስተማረ ማለት ነው። ይህ ልማድ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጥቂት ዓመታት ካቋረጠው በቀር እስከ ዛሬ አለ።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው በ1848 ሰጥቶት በ1860 የገና ሰሞን የደገመውና በ1861 በመጽሐፍ የታተመው ስለ ሻማ ያስተማረው ትምህርት ነው። በስድስት ትምህርት ሙሉ የተናገረው ስለ አንዲት ሻማ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ውድ መሣሪያ ሞልቶ ሳለ ሻማን ለምን መረጠ? እኔ እንደሚመስለኝ ማንኛውም ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሻማ ስለሚያገኝና ያየውን ደግሞ ለመሥራት ስለሚችል ነው።

እኛም በየቤታችን ጧፍ አለን። ጧፍ ሲበራ ሰሙ በሙቀት ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ሰም የኩራዝ ጋዝ በክሩ እንደሚወጣ ሁሉ በፈትሉ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻም እንፋሎት ይሆናል። የሚነድደው ይህ እንፋሎት ነው። ይህን ያላመነ ሰው በፋራዴይ ዘዴ ይሞክር። ነፋስ በሌለበት ቤት ጧፉን ቀስ ብሎ እፍ ይበልና ከፈትሉ የሚወጣው ነጭ ጢስ ሳይበተን የተለኮሰ ክብሪት ወደ ጢሱ ያስጠጋ። ክብሪቱ ፈትሉን ሳይነካው እሳቱ በጢሱ ላይ ዘሎ ጧፉን መልሶ ያበራዋል። እኔ ይህን በአያቴ ፊት ባደረግሁ ጊዜ አያቴ ሣቁና፣ «ልጄ፣ ስድሳ ዓመት ጧፍ ሳበራ ይህን አላየሁም፤ እስቲ ድገመው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምሁላቸው፤ አራተኛውን እርሳቸው ራሳቸው ሠሩት።

ቀዝቃዛ ብርጭቆ በእሳቱ ላይ ቢደፋ በውስጡ ጤዛ ይታያል፤ እሳት ውሃን ይወልዳል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በዓይን የማይታይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ይወጣል። ፋራዴይ ይህን አየር የገለጠው በኖራ ውሃ ነበር፤ የጠራው የኖራ ውሃ ይህን አየር ሲያገኝ ወተት ይመስላልና። ከዚያም በገዛ እስትንፋሱ የኖራውን ውሃ አነጣና በሰው አካል ውስጥ ያለው ነገር ከሻማው መቃጠል ጋር እንደሚመሳሰል ለልጆቹ አስረዳቸው።

አሁን ስለ ኖራ የራሴን ታሪክ ልናገር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እማርበት በነበረው የገጠር ትምህርት ቤት የሳይንስ ዕቃ የሞላበት አንድ ቁም ሣጥን ነበረ። መስተዋቱ ስለሚያሳይ ብልቃጡን ሁሉ በውጭ ቆመን እናይ ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው እንዳይሰበር ተብሎ በዚያ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልተከፈተም። እኛም «ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኖራን ውሃ ያነጣል» የሚለውን ከሰሌዳ ገለበጥን። በፈተና ተጠየቅሁ፤ ያንኑ ጻፍሁ፤ ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ኖራ ግን ለቤት መቀቢያ በአባቴ ደጃፍ በጆንያ ተቀምጦ ሳለ የተጠየቅሁት ስለዚያው ነገር መሆኑን አላስተዋልሁም ነበር።

ዐሥረኛ ክፍል በደረስሁ ጊዜ ስለ ፋራዴይ አንብቤ ያንን ኖራ በውሃ በጠበጥሁት። አሳድሬ ከላይ የጠለለውን ውሃ ወደ ብርጭቆ ቀዳሁና ቀለሙ ባለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ እፍ አልሁበት። ምንም አልሆነም። ደጋግሜ ብሞክርም ውሃው እንደ ጠራ ቀረ። ያን ጊዜ መጽሐፉ ዋሽቷል ወይስ እኔ ተሳስቻለሁ እያልሁ ብዙ አሰብሁ። መምህራችንን ብጠይቃቸው መልሱን አልነገሩኝም፤ «ኖራው ስንት ጊዜ ተቀምጧል?» ብለው ጠየቁኝ እንጂ። ጆንያው ከሁለት ዓመት በላይ ተከፍቶ የቆየ ነበር። ለካስ ኖራው ከነፋሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲስብ ኖሮ እንደ ጠመኔ ያለ ነገር ሆኗል፤ ጠመኔ ደግሞ በውሃ አይሟሟም። አዲስ ኖራ ፈልጌ እንደገና ብሞክር ገና ጥቂት እፍ ሳልል ውሃው ነጣ።

ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ነበርና ቀፎውን ተቀበለኝ፤ እርሱም አላቆመም። ነጥቶ ሳለ እየተቀባበልን ደረታችን እስኪደክም ብንነፋ ነጭነቱ እየሳሳ ሄዶ ውሃው መጥራት ጀመረ። «ጋሼ፣ ለምን ተመልሶ ጠራ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በፈተና ሙሉ ማርክ ያገኘሁበት ነገር ግማሹ ብቻ ኖሯል! ኋላ እንደ ተማርሁት እስትንፋሳችን ሲበዛበት ያ ነጭ ነገር በውሃ ወደሚሟሟ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ የጠራውን ውሃ ቢያፈሉት ግን ነጩ ይመለሳል። ይህም ሥራ በብርጭቆ ውስጥ ብቻ አይደለም። በባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረው ከአየርና ከአፈር ይህንኑ አየር የተሸከመ ውሃ የኖራውን ድንጋይ በብዙ ሺህ ዘመናት ሲያሟሟው ነው። የወንድሜ ጥያቄ ከእኔ ፈተና ይልቅ ጥልቅ ነበር ማለት ነው። እርሱን ያስጠየቀው ብርጭቆው በእጁ መሆኑ ነው። ልጆች ሆይ፣ ይህን ስትሠሩ ግን ወደ ውስጥ አትሳቡ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ውሃ ሲነካው የሚፈላውን ትኩስ ኖራ አትንኩ።

ዕቃ የለም ብለው ሙከራን ያልተዉ ሌሎች ሰዎችም በታሪክ አሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያልቅ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ፈርሰው፣ የሳይንስ ዕቃቸውም ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ስቲቨንሰን የተባለ የሎንዶን መምህር ጦርነት ባጠፋቸው አገሮች ለሚገኙ የሳይንስ መምህራን ምክር የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ዩኔስኮም በ1948 አወጣው። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ከየቤቱ በሚገኝ ተራ ዕቃ የሳይንስ መሣሪያ መሥራት ይቻላል የሚል ነው። የውሃ ጠብታ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ይሆናል፤ ብልቃጥና ፈትል መብራት ይሆናል። መጽሐፉ ለፈረሱት አገሮች ቢታሰብም ከቀድሞም ዕቃ ያልነበራቸው አገሮች እጅግ ፈለጉት። ስለዚህ ዩኔስኮ በ1956 ሰፋ አድርጎ አሳተመው፤ ወደ ብዙ ቋንቋዎችም ተተረጎመ።

በአሜሪካም ልጆች የሠሩትን ለሕዝብ የሚያሳዩበት የሳይንስ ትርኢት በ1928 በኒው ዮርክ ተደረገ። በ1950 ደግሞ በፊላዴልፊያ ከተማ ከልዩ ልዩ ስፍራ የተመረጡ 30 ተማሪዎች የተወዳደሩበት የመጀመሪያው ብሔራዊ ትርኢት ሆነ። የዚህ ሥርዓት መልካምነቱ ልጁ በሥራው አጠገብ ቆሞ የዳኞችን ጥያቄ ራሱ መመለሱ ነው። ነገር ግን ከሌላ ገልብጦ የሚያምር ነገር ማሳየት ሙከራ አይባልም። ባቄላ በሁለት ጣሳ ዘርቶ፣ አፈሩንና ውሃውን እኩል አድርጎ፣ አንዱን በብርሃን ሌላውን በጨለማ አስቀምጦ በየቀኑ የሚለካ ልጅ ባለ ጌጡን ሥራ ከሠራው ይበልጣል፤ እርሱ አንድ ነገር ጠይቆ መልስ ተቀብሏልና።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት የሩቅ አገር ሰዎችን ለማመስገን ብቻ አይደለም። የሻማው መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በኋላ በጃፓን አገር አንድ መምህር ለአኪራ ዮሺኖ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ፣ እንዲያነብ መከሩት፤ ያ ልጅ በየስልካችን ውስጥ ላለው የሊቲየም ባትሪ በሠራው ሥራ በ2019 የኖቤል ሽልማት አገኘ። አንድ ሻማ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያበራ እንግዲህ ተመልከቱ።

እኔ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ተሰናብቼ እሄዳለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ግን ሰባተኛ ክፍል ይገባል። ስለዚህ ክቡራን መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የዕቃው ቁም ሣጥን የተቆለፈበት ትምህርት ቤት ሁሉ ይክፈተው። ብልቃጥ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ሳይጠይቅ ያደገ ልጅ ግን በገንዘብ አይተካም። ወላጆችም ልጃችሁ ጧፍና ኖራ ይዞ ሲያስቸግራችሁ ከአጠገቡ ሆናችሁ ጠብቁት እንጂ አትከልክሉት። እናንተም ታናናሾቼ፣ ቁም ሣጥኑ እስኪከፈት አትጠብቁ። ፋራዴይ የጀመረው በብልቃጥና በጥቂት ሳንቲም ነው።